ቁርጥ እሱን

ደባርቅና ዳባት አካባቢ ሠርግ የሚደግስ ሰው መጀመሪያ በሬ ይገዛል፤ ቀጥሎ እኔን ይፈልግ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ኦርጋን እጫወታለሁ፣ እዘፍናለሁ። የራሴ የምለው ዘፈን ግን አንድም የለኝም። የምዘፍነው ሁሉ የሰው ነው።

የሰው ዘፈን መዝፈን የጀመርኩት በልጅነቴ ነው። አባቴ አንዲት ቴፕና ሰባት ካሴቶች ነበሩት። ከሰባቱ አንዱን ቴፑ በልቶት ስለነበር አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የዘፋኙ ድምፅ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስል ይንቀጠቀጣል። እኔ የዘፈኑ አካል መስሎኝ እሱንም አጥንቼ እያንቀጠቀጥኩ እዘፍነው ነበር። ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ ስዘፍነው አባቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ እስኪያነባ ሳቀ። ሌላው ሰው ግን አጨበጨበ። ያን ቀን ነው «ቁርጥ እሱን!» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። ከዚያ በኋላ ለዚያ ቃል ስል ኖርኩ ብል ይቀላል። ዘፋኙ የት ላይ እንደሚተነፍስ፣ የትኛዋን ፊደል እንደሚውጣት፣ የት ላይ ድምፁ ትንሽ እንደሚሻክር አጠናለሁ። ሰዎች ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡኝና «ካሴቱ ነው እንጂ ሰው አይደለም» ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ያለ አይመስለኝም ነበር።

ኦርጋኑና እስፒከሮቹ የእኔ አልነበሩም፤ ደባርቅ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ናቸው የሚያከራዩት። ሠርግ ያለው ሰው ወደ ሱቃቸው ይሄዳል፣ ሐጂ እኔን ይጠሩኛል፤ እንዲህ ነበር የምንሠራው። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ጠዋት ሱቃቸው ስደርስ ከጨርቅ ጥቅሎቹ አጠገብ አንድ ቀጭን፣ ጠይም ሰው ቆሞ አገኘሁ። እጆቹ ላይ የጎማ ጥቁረት አለ።

«ይኸ ሰው የዛሪማ ነው» አሉኝ ሐጂ። «ጎማ ይጠግናል። ይዘፍናልም ይሉኛል። አንተ ስትደክም ያሳርፍሃል።»

«እኔ መች ደከምኩ፣ ሐጂ?»

«ስትደክም ነው ያልኩት።»

ሰውየው በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። አማርኛው እንደ ዛሪማ ቆላ ሰው ሁሉ ትግርኛ ቀመስ ነው፤ አንዳንዱን ቃል ጉሮሮው ውስጥ ይዞት ይቆያል። በዚህ አፍ ምን ሊዘፍን ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የመጀመሪያ ሥራችን የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሠርግ ነበር፤ እዚያው ደባርቅ። ከሰዓት በኋላ ምግብ ሲቀርብ ማረፍ ነበረብኝና ማይኩን ሰጠሁት። «የቱን ልጫወትልህ?» ስለው የጠራው የእኔን ዘፈን ነው። የእኔ ስል፣ ሁሉም ሰው በእኔ አፍ የሚያውቀውን አንድ የቆየ ዘፈን ማለቴ ነው፤ እመለሳለሁ ብላ የሄደችን ሴት መንገድ ዳር ቆሞ ስለሚጠብቅ ሰው። ደንግጬም ደስ ብሎኝም ጀመርኩለት። በዚህ ዘፈን ከእኔ ጋር የሚወዳደር ሰው ራሱን ያዋርዳል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ሰውየው ምቱን አልጠበቀም። ሙዚቃው ይሄዳል፣ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል። ካሴቱ ላይ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ እሱ ዝቅ አለ። ሁለተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ ደግሞ ግጥሙ ጠፋው። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ከራሱ ፈጥሮ እንዲህ አለ፦

መኪናው ቢመጣ አንቺ አልወረድሽም፤
አቧራው ቢጠራም ዐይኔ አላየሽም።

ይኼ ግጥም ካሴቱ ላይ የለም። ሰው ይስቅበታል ብዬ ቀና ስል ዳሱ ውስጥ የሚበላ ሰው የለም። ቁራሹን በእጁ እንደያዘ የቀረም ነበር። አንዲት አሮጊት ደረታቸውን ይዘዋል። እኔ ዐይኔ የፈለገው ባለቤቴን ነው፤ ወጥ የምታዞርበትን ድስት አስቀምጣ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ ከምሰሶው ጋር ተደግፋ ትሰማለች። ያንን ዘፈን እኔ ስዘፍነው ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! ግን አንድም ቀን ሥራዋን አቁማ አይቻት አላውቅም።

ወደ ቤት ስንሄድ ባለቤቴ፣ «ታውቃለህ፣ ያ ዘፈን ምን እንደሚል ዛሬ ገና ገባኝ» አለችኝ።

«ስንት ጊዜ ዘፈንኩልሽ?»

«አንተ ስትዘፍነው ዘፋኙን ነው የማየው። እሱ ሲዘፍነው ሰውየውን አየሁት።»

ለክፋት አልተናገረችውም። ይኸው ነው የከፋው። ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውየው ነገር ሆዴ ውስጥ ገባ። ስቀና ግን እየቀናሁ ነው አላልኩም፤ ለቅናቴ የሚያምር ልብስ ሰፋሁለት። የሰው ዘፈን አደራ ነው፤ ባለቤቱ ቢሰማው ሊመርቅህ ይገባል እንጂ ሊያዝን አይገባም፤ ግጥም የጠፋው ሰው ዝም ይበል እንጂ አይፈብርክ፤ እያልኩ በየሻይ ቤቱ አወራ ጀመር። እውነትም አለው። ከተማችን ውስጥ ስልኳን ደቅና የሰው ዘፈን የምትለቅ ልጅ አለች፤ ግጥሙን ታጣምማለች፣ የደራሲውን ስም አትጠራም፣ «የራሴን ቀለም ጨመርኩበት» ትላለች። እንደዚህ ያለው ነገር ያናድደኛል፤ ዛሬም ያናድደኛል። ግን ያኔ የምናደደው በእሷ አልነበረም። ቅናቴን እንድትሸፍንልኝ ነበር የማነሣት።

ታኅሣሥ ላይ ሐጂ ሱቅ ስገባ ለጥር ሠርግ የሚደግስ አንድ ገበሬ ሲነጋገር ደረስኩ። «የዛሪማውን ጨምሩልን» ይላል። ስሜን አላነሣም። ሐጂ አዩኝና ክንዳቸው ላይ ያለውን ጨርቅ መጠቅለል ቀጠሉ።

«ሐጂ፣ ያ ሰው ዘፈን እያበላሸ ነው» አልኳቸው ገበሬው ሲወጣ።

«እኔ ዘፈን አላውቅም። ሰው ይኼን ቀለም ስጠኝ ሲለኝ ያንን እሰጠዋለሁ። አንተ ምን ጎደለብህ?»

ምን እንደጎደለብኝ ልነግራቸው አልችልም ነበር። ከእሱ ጋር ስንሠራ ክፍያዬ አልቀነሰም። ጭብጨባም አገኝ ነበር። የቀረብኝ ነገር ያ ዝምታ ነው፤ እሱ ሲዘፍን ዳሱ ላይ የሚወርደው ዝምታ። ለእኔ አንድም ጊዜ ወርዶልኝ አያውቅም። እኔ ስዘፍን ሰው ያጨበጭባል፣ ይጨፍራል፣ ይስቃል፣ ይበላል።

ጥር ላይ ዳባት አንድ ትልቅ ሠርግ ተጠራን። ትልቅ ዳስ ነበር፤ ከጎንደር ሳይቀር እንግዳ መጥቷል። ያደረግሁትን እዚያ አደረግሁ።

ኦርጋን ላይ ዘፈንን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ጣቶችህ የለመዱትን ቦታ ሳይለቁ ድምፁ ብቻ ወደ ቀጭን ይወጣል ወይም ወደ ወፍራም ይወርዳል። የዛሪማው ሰው ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ለእሱ ዝቅ አድርጌ ነበር የምጫወተው። ያን ቀን ማይኩን ይዞ «ያንን» አለኝ፤ ያንን ዘፈን ማለቱ ነው። ባለቤቴ አብራን መጥታ ነበር፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ገና እሱ ማይኩን ሲይዝ ከአጠገቧ ካለችው ሴትዮ ጋር የጀመረችውን ወሬ አቋረጠች። እሷ ወሬ ስታቋርጥ አየሁ፣ ጣቴም ወደ ቁልፉ ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ተጫንኩት።

መግቢያውን ሲሰማ አላወቀም። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች እየተንጠራራ ዘለቃቸው። የአንገቱ ሥር ተወጠረ። ከፍ ወደሚለው ቦታ ሲደርስ እንደለመደው ዝቅ ሊል ሞከረ፣ ግን ዝቅ ያለውም ከፍ ብሎ ጠበቀው። ድምፁ ተሰነጠቀ። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተሰነጠቀ፤ እንደ ጎረምሳ። ከኋላ ያሉ ወጣቶች አፏጩ። አንዱ «ጎማው ተነፈሰ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወደ እኔ ዞረ። ዐይኑ ላይ ጥርጣሬ ባየሁ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ይቅርታ ነበር የሚጠይቀኝ። ማይኩን ሰጠኝና ከእስፒከሮቹ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

ቁልፉን ወደ ቦታው መለስኩና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ዘፈንኩት፤ ካሴቱን እንዳለ። ዳሱ ፈነዳ። ሙሽራው ሳይቀር ተነሣ። «ቁርጥ እሱን! ቁርጥ እሱን!» ይላሉ፣ ግንባሬ ላይ ብር ይለጥፋሉ። ላቤ ብሩን አርሶት አንገቴ ላይ ሲንሸራተት ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ ወሬዋን ቀጥላለች።

ስንመለስ አይሱዙ ላይ ከዕቃው ጋር ተቀምጠን ነበር፤ እሱ ከአንደኛው እስፒከር ማዶ፣ እኔ ከወዲህ። ነፋሱ ፊት ይጋርፋል።

«ወንድሜ፣ ዛሬ አዋረድኩህ» አለኝ።

«ምን ችግር አለው። ብርዱ ነው» አልኩት።

«ብርድ አይደለም። ጉሮሮዬ አልቋል መሰለኝ። አባቴም እንዲህ ነው የጀመረው፤ በኋላ መናገርም አቃተው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን የወጣው «ማር በሎሚ ሞክር» የሚል ነው።

በሳምንቱ ሐጂ ሱቅ አልመጣም። ወደ ዛሪማ ተመልሷል አሉኝ። «ድምፄ ተበላሽቷልና ሌላ ሰው ፈልጉ ብሎ ተሰናበተ። ደኅና ሰው ነበር» አሉ ሐጂ።

የፈለግሁት ሆነልኝ። ወዲያው ሁዳዴ ገባ፤ በጾም ሠርግ የለም፣ ዘፈን የለም። ኦርጋኑ ሐጂ ጓዳ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ። ሥራ ቢኖረኝ ኖሮ እረሳው ነበር። ሥራ ስለሌለኝ ግን የማስበው እሱን ብቻ ሆነ። ደግሞ አስቡት፤ ከተጸጸትኩ በኋላ እንኳ ቅናቴ አልለቀቀኝም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ዘፈኑን እንደሱ ለመዝፈን ሞከርኩ። ወደ ኋላ ቀረሁ፣ ዝቅ አልኩ፣ የእሱን ግጥም ሳይቀር አስገባሁ። ጉሮሮዬን እንደ ቆላ ሰው ያዝ አደረግሁት። ባለቤቴ ከጓሮ ገባችና፣ «የዛሪማውን ሰው ቁርጥ እሱን አደረግከው እኮ!» ብላ ሳቀች።

በሕይወቴ ያንን ቃል ስሰማ ያዘንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁልፉን፣ ሦስት ጊዜ መጫኔን፣ አይሱዙ ላይ ያለኝን።

ሳቋ ጠፋ። «ሰውየው ድምፄ ሞቷል ብሎ ነው የተቀመጠው?» አለች።

«አዎ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

በማግስቱ በሚኒባስ የሊማሊሞን መጠምዘዣ ወረድኩ። ዛሪማ ስደርስ የደባርቅ ጃኬቴን አውልቄ በክንዴ ያዝኩ፤ ሙቀቱ ከመሬት ነው የሚነሣው። መንገድ ዳር ጎማ የተከመረበት ዳስ ፈልጌ አገኘሁት። ብረት ይዞ የጭነት መኪና ጎማ ይፈለቅቃል። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ከሐጂ መልእክት ይዤ የመጣሁ መስሎት መሰለኝ።

«ሰላም ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሰው አልሞተም። ድምፅህ ምንም አልሆነም» አልኩት። «ዳባት ላይ እኔ ነኝ ዘፈኑን ከፍ ያደረግሁት። አውቄ ነው።»

ብረቱን እንደያዘ ቆመ። መጀመሪያ አልገባውም። ደግሜ ስነግረው ብረቱን መሬት ላይ ወረወረው፤ እግሬ አጠገብ ነው ያረፈው።

«ሁለት ወር ሙሉ!» አለ። «ሁለት ወር ሙሉ ምላሴን በማንኪያ ተጭኜ ጉሮሮዬን በመስታወት ሳይ! እናቴን አፍሽን ዝጊ፣ ዘፈን አታንሺብኝ እያልኩ! ለምን? ምን አደረግሁህ?»

ሾፌሮች ቆመው ያዩናል። ልዋሽ እችል ነበር፤ ያዘጋጀሁት ውሸትም ነበረኝ። ግን፣ «ባለቤቴ አንተ ስትዘፍን ሥራዋን ታቆማለች» አልኩት። «ለእኔ አቁማ አታውቅም።»

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ይመታኛል ብዬም ነበር፤ አልመታኝም። ብረቱን አነሣና ወደ ጎማው ተመለሰ። «ሂድልኝ» አለ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጆሮዬን ወደ ዳሱ ጥዬ ነበር። መጨረሻ ላይ፣ ሾፌሩ ሞተር ሊያስነሣ ሲል፣ ድምፁ መጣ። ጎማ እየፈለቀቀ ያንን ዘፈን ይሞክራል። አልተሰነጠቀም። ተሳፋሪዎቹ ወሬያቸውን አቆሙ፤ እኔም እዚያው መቀመጫዬ ላይ፣ ይቅርታ ጠይቄ ሳልጨርስ፣ እንደገና ቀናሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲጀመር ሐጂ ሱቅ ቆሞ አገኘሁት። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። «እሠራለሁ» አለኝ፣ «ግን ከእንግዲህ ያን ቁልፍ የምነካው እኔ ነኝ።» ቃሉንም ጠበቀ። ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ወደ ኦርጋኑ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን በራሱ እጅ ያስተካክልና ቁጥር የምታሳየውን ትንሿን መስታወት ያነብባል፤ ቁጥሩን ካየ በኋላ ነው ማይኩን የሚያነሣው። ሰው የሙያ ጥንቃቄ ይመስለዋል። እኔ ግን በየሠርጉ በኀፍረት እቃጠላለሁ። አልከለክለውም።

እንዲህ እየሠራን በግንቦት ለሠርግ ኮሶዬ ሄድን። ከሰዓት በኋላ፣ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ዳሱ ደጃፍ ደርሷል። የዛሪማው ሰው ያንን ዘፈን ዘፍኖ ጨረሰ፤ እንደተለመደው ዝምታው ወረደ፣ ከዚያ እልልታው። እኔ ከኦርጋኑ ኋላ እንደ ግንድ ቁጭ ብያለሁ። አንዲት ጥቁር የለበሱ ባልቴት በሰው መካከል እየተጋፉ መጡና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«አንተ ልጄ፣ ይኼን ዘፈን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ እማማ። አሁን እኮ ተዘፈነ።»

«ያኛው ልጅ ደግ አድርጎ ነው የዘፈነው፣ አልዋሽም። ግን ዘፈኑን አላገኘሁበትም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ሹፌር ነበር፤ ይኼ ካሴት ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። አንተ እንደ ካሴቱ ታውቅበታለህ አሉኝ። ምንም ሳትጨምርበት፣ ምንም ሳትቀንስበት ብትዘፍንልኝ?»

«እሺ እማማ፣ ይቀመጡ።»

ዘፈንኩላቸው። ትንፋሹን በቦታው፣ የተዋጠችውን ፊደል በቦታዋ፣ ሻካራውን በቦታው አደረግሁ። ሌላው ሰው አሁን የሰማውን ዘፈን እንደገና ለምን ይሰማል? ወደ መጠጡና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ባልቴቷ ግን ከኦርጋኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ነጠላውን ገልጠው በእንባቸው መካከል ፈገግ አሉ፤ እጃቸውም አየር ላይ መሪ እንደሚያዞር ሰው እጅ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሲያልቅ ጉልበቴን ስመው ሄዱ። እንዳይስሙኝ ልከለክላቸው አልደረስኩም።

ቀና ስል የዛሪማው ሰው ከምሰሶው ጋር ቆሞ ያየኛል። ያ ዐይን የምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም፤ ከኅዳር ጀምሮ ተሸክሜው የኖርኩት ነው። እልልታ ያዘነበለት ሰው ሁሉ እዚያው ዳስ ውስጥ ነበር፤ እሱ ግን የሚያየው የባልቴቷን ባዶ በርጩማ ነው።

ዕቃ ስንጭን መጣ። ገመዱን እየጠቀለለ፣ ሳያየኝ፣ «ያቺን ትንፋሽ» አለ፣ «ከሁለተኛው አንጓ በፊት ያለችውን። እንዴት ነው የምትይዛት? እኔ ስሞክር ትቀድመኛለች።»

«ትከብዳለች» አልኩት።

«አስተምረኝ።»

ደስ አለኝ። ደግ ደስታ አልነበረም፤ የሚያሳፍር፣ የሚጣፍጥ ደስታ ነበር። ከዛሪማው ዳስ ፊት የቆምኩበትን ቀን አስቤ እንኳ ደስታው አልቀነሰልኝም። «እሺ፣ ከክረምት በኋላ» አልኩት።

ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። አሁንም አብረን እንሠራለን፤ ባለቤቴ አሁንም እሱ ሲጀምር እጇ ላይ ያለውን ታስቀምጣለች፤ እሱም በየጊዜው «ያቺን ትንፋሽ» እያለ ይጠይቀኛል። እስካሁን አላስተማርኩትም።